የግቢ ዛፍ ለምድጃ ነውን?

ችግኝ ስለ መትከል የማይናገር ሹም፥ የማያስተምር መምህር፥ የማይጽፍ ጸሐፊ ዛሬ በአገራችን የሚገኝ አይመስለንም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ ዐሻራ በተባለው ዘመቻ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ መነገሩንም ሁላችን እናስታውሳለን። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የምንነቅፈውም አይደለም። ዳሩ ግን ስለ ዛፍ ልደት ይህን ያህል የምንናገር ሰዎች ስለ ዛፍ ሞት አንዲት ቃል እንኳ ስንተነፍስ አንሰማም። ሰባና ሰማንያ ዓመት በአንድ ግቢ ቆሞ፥ ለሦስት ትውልድ ጥላውን ሰጥቶ፥ በመጨረሻ የወደቀ ዛፍ ከወደቀ በኋላ ምን ይሁን? ለዚህ ጥያቄ በቤታችንም በመሥሪያ ቤታችንም ያለን መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ይፈለጥ፤ ይነድ።

እኛ ይህን መልስ የምንቃወመው ዛፍ ለምን ይቈረጣል ብለን አይደለም። ዛፍም ሕይወት እንዳለው ፍጥረት ሁሉ ያረጃል፥ ይታመማል፥ ውስጡ በምስጥ ይበላል፤ በክረምት ነፋስ ተገንድሶ የሰው ጣራ የሚያፈርስበት፥ ከተማሪዎች ክፍል ላይ የሚወድቅበት ጊዜም አለ። መንገድ ሲሰፋና ሕንፃ ሲታነጽ ቦታውን እንዲለቅ የሚፈረድበትም አለ፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳና በሌሎች አሮጌ ሰፈሮች ስንት ግቢ እንደ ፈረሰ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ ክርክራችን ስለ መውደቁ ሳይሆን ከወደቀ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር ነው። በመኖሪያ ቤት፥ በትምህርት ቤት፥ በሐኪም ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት አጥር ውስጥ አድጎ የጎለመሰ ዝግባ፥ ጽድ፥ ዋንዛ፥ ኮሶ፥ ግራቪሊያ መውደቁ የማይቀር ከሆነ ግንዱ በቅድሚያ ለመጋዝ ይገባዋል፤ ለምድጃ የሚደርሰው መጋዝ የተወው ነው። የምንለው ይህን ብቻ ነው። ነገሩ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ይህን ቀላል ነገር ለማስፈጸም የሞከረ ሰው ስንት በር እንደሚዘጋበት እኛ ቀምሰነዋልና እንናገራለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ከአዲስ አበባ ውጭ በሚገኝ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ታላቅ ዋንዛ ነበረ። ሲያብብ ነጭ አበባው ምድሩን ይሸፍነዋል፤ ንቦች ከሩቅ ይመጡበታል፤ ፍሬው በደረሰ ጊዜም ልጆቹ ከክፍል እየዘገዩ የሚቀጡት በእርሱ ምክንያት ነበር። ዛፉ አርጅቶ በአንድ ወገኑ ደረቀ፤ ከደረቁት ቅርንጫፎችም አንዱ ተገንጥሎ አጥሩን ሰበረ። ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ዛፉ ለልጆች ሕይወት የሚያሰጋ ስለ ሆነ ይቈረጥ ተብሎ ተወሰነ። እስከዚህ ድረስ የተሳሳተ ሰው የለም፤ እኛም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበርን።

ስሕተቱ የመጣው በቃለ ጉባኤው መጨረሻ በተጻፈች አንዲት ሐረግ ነው፤ «እንጨቱ ለማገዶ እንዲሸጥ» የምትል። ይህችን ሐረግ ማን እንዳስገባት ማንም አያስታውስም፤ ልማድ እንጂ ሰው አላስገባትም ማለት ይቻላል። የማገዶ ነጋዴው ከሰዎቹ ጋር መጥቶ በሦስት ቀን ውስጥ ዛፉን ጣለው፥ አጋደመው፥ እየቈራረጠም ይፈልጠው ጀመር። በትምህርት ቤቱ ወንበርና በር የሚጠግኑ አንድ አረጋዊ አናጢ ነበሩ፤ ነገሩን ሲሰሙ እየሮጡ መጡና «ልጆቼ፥ ግንዱን ብቻ ተዉልኝ፤ ለማገዶ ቅርንጫፉ ይበቃችኋል» ብለው ለመኑ። ንብረት ክፍሉም «አባባ፥ ምን ላድርግ፤ ደረሰኙ ተቈርጧል» አላቸው። ደረሰኙም ተቈርጦ፥ ዛፉም ተቈርጦ፥ ሽማግሌው በግንዱ ላይ ተቀምጠው ጥቂት ቆዩና ተነሥተው ሄዱ። እኛም በአጠገባቸው ቆመን ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገርንም።

በዚያው የትምህርት ዘመን ለትምህርት ቤቱ አዲስ ዴስክ ተገዛ። ዴስኩ ከእንጨት ብጣሽና ከሙጫ ተጨፍልቆ ከተሠራ፥ ሰዎች ቺፕውድ ከሚሉት ገበታ የተሠራ ነበር። ሁለት ክረምት እንዳለፈ ውሃ የነካው ጠርዙ እንደ እርሾ ተነፋ፤ ብሎኖቹ ከጉድጓዳቸው ወጡ፤ ገጹም እየተላጠ ልጆቹ ይቀዱት ጀመር። በጓሮ ሳንቃ ተጋድሞ ሳለ ሳንቃ የሚመስል ነገር በገንዘብ መግዛት ምን ይባላል? አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢው ያን ግንድ ከእኛ ጋር እንዲለካው እንጠይቃለን። ሒሳቡን በጊዜው ሠርተነው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ባልተገደድን ነበር። ለመጋዝ የሚሆነው ቀጥተኛው የግንዱ ክፍል ርዝመቱ 3 ሜትር፥ የውፍረቱ ወርድ ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። የዚህ ይዘት ከ0.8 ሜትር ኩብ በላይ ነው። ቅርፊቱ፥ የዳር የዳሩ ልጥና ሰጋቱራው ተቀንሶ ግማሹ ብቻ ሳንቃ ይሆናል ብንል እንኳ፥ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲሰነጠቅ ወደ 17 ካሬ ሜትር የሚጠጋ የዋንዛ ሳንቃ ይወጣዋል። ይህም ለስምንት ወይም ለዘጠኝ የተማሪ ዴስክ በቂ ነው። ስምንት ዴስክ ትምህርት ቤቱን ሁሉ እንደማይሞላ እናውቃለን፤ ነገር ግን ዋንዛ የውስጡ ቀዩ እንጨት ምስጥን የሚቋቋም፥ ለመላጊያ የሚገዛ፥ ከደረቀ በኋላ ቅርጹን ብዙም የማይለውጥ ስለ ሆነ፥ በእነዚያ ስምንት ዴስኮች ላይ የሚቀመጡት ተማሪዎች የዛሬዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የልጆቻቸው ልጆች በሆኑ ነበር። የተሸጠበት የማገዶ ዋጋ ግን የአንዱን የቺፕውድ ዴስክ ዋጋ እንኳ አልሞላም።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት መጣ? ከአባቶቻችን የወረስነው ነው የሚል ቢኖር እንቃወመዋለን። የአገራችን ሰው እንጨትን እንደየባሕርዩ ለይቶ የሚያውቅ ነበር። ዋንዛን ለከበሮ፥ ለሙቀጫ፥ ለበር፤ ጽድን ለምሰሶና ለጣራ፤ ወይራን ጠንካራ ነገር ለሚያስፈልግበት ሁሉ ይመርጠዋል፤ የወይራውንም ትራፊ ቢሆን ጋን ያጥንበታል እንጂ ዝም ብሎ አይጥለውም። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግንቡ በድንጋይና በእንጨት እየተደራረበ ተሠርቷል፤ በጣራው የውስጥ ገበታ ላይ የተቀረጹት እንስሳትም እስከ ዛሬ ይታያሉ። ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስም እንዲሁ እንጨትና ድንጋይ ተፈራርቀው የቆሙበት ሲሆን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ያን እንጨት የጠረቡ ሰዎች የሞተር መጋዝ አልነበራቸውም። መጥረቢያና ሽብልቅ ይዘው ከአንድ ግንድ ሁለት ሳንቃ ሲያወጡ ብዙ ይባክንባቸው እንደ ነበረ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ያወጡትን አላቃጠሉትም።

እንደሚመስለን ዛፍን ሁሉ በማገዶ ዐይን የማየት ልማዳችን አዲስ አበባ የወለደችው የከተማ ልማድ ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለቤትና ለማገዶ እየተቈረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላለቀ፥ ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ያዳናት በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ሲቈርጡት ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ አጠናም ማገርም ፍልጥም ይሆናል። ውለታው ትልቅ ነው፤ የምንክደውም አይደለም። ነገር ግን ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ከባሕር ዛፍ ጋር ስንኖር የእርሱን ሕግ ለዛፍ ሁሉ ሕግ አደረግነው። ባሕር ዛፍ ተቈርጦ በዐሥር ዓመት ውስጥ ስለሚተካ ዝግባም የሚተካ መሰለን። ደግሞም የአዲስ አበባው ነጭ ባሕር ዛፍ ሳንቃ ለማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ በውስጡ ያመቀው ውጥረት ከመጋዙ ሥር ሳይወጣ ሳንቃውን ይሰነጥቀዋል፥ ያጣምመዋል፤ ሲደርቅም ይጨማደዳል። ይህን ያየ ሰው «የግቢ ዛፍ ለጣውላ አይሆንም» ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ባሕር ዛፍን አይቶ በዋንዛ ላይ ሲፈርድ ነው። የወደቀው ዛፍ ነጭ ባሕር ዛፍ ከሆነ እኛም ከማገዶ ነጋዴው ጋር አንጣላም።

(ሁሉም ዛፍ ለቤት ዕቃ ይሆናል እንደማንልም ይታወቅልን። የሾላ እንጨት ቀላልና ለስላሳ ነው፤ አናጢዎቻችን ይንቁታል። ቢሆንም የጥንት ግብፃውያን ለሙታኖቻቸው ሣጥን ከሠሩባቸው እንጨቶች አንዱ ሾላ ነው፤ በቤተ መዘክርም ዛሬ ድረስ ይታያል። መናቅም በልክ ቢሆን መልካም ነው።)

አሁን ወደ ምክንያተኞቹ እንመለስ። ግንድ ለመጋዝ ይሁን ባልን ቍጥር የሚነገሩን ምክንያቶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው።

በመጀመሪያ የሚነሣው ምስማር ነው። በግቢ ዛፍ ላይ ሰው ሁሉ ምስማር ይመታበታል፤ የልብስ ማስጫ ሽቦ ያስርበታል፤ ማስታወቂያ ይለጥፍበታል። ዛፉ በየዓመቱ እየወፈረ ሲሄድ ብረቱን ውጦ ይደብቀዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጋዙ ጥርስ ያገኘዋል። የጣውላ መሰንጠቂያ ያላቸው ነጋዴዎች የግቢ ግንድ አንቀበልም የሚሉት ስለዚህ ነው፤ አንድ ምላጭ ከተሰበረባቸው የቀኑ ትርፋቸው ጠፋ። ምክንያቱ እውነት ነው። ነገር ግን መድኃኒት የሌለው አይደለም። ሰው ምስማር የሚመታው ቁመቱ እስከሚደርስበት ድረስ ስለ ሆነ ብረቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከግንዱ ታችኛ ክፍል ነው። በየሕንፃው በር ላይ ጠባቂዎች የሚፈትሹበት የብረት መፈለጊያ መሣሪያ በግንዱ ላይ ቢዞር ይጮኻል። መሣሪያው ባይገኝም፥ አንዳንዱ እንጨት በግንዱ መቍረጫ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ብረት ከእንጨቱ ጭማቂ ጋር ሲገናኝ የሚወጣ ቀለም ነውና ያን ያየ አናጢ በዚያ መስመር ሲደርስ ይጠነቀቃል። በእጅ መጋዝ፥ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው የሚሰነጥቁትማ ምስማሩን በእጃቸው ያውቁታል። ምስማር አለበት ተብሎ የሚቃጠል ግንድ፥ አጥንት አለበት ተብሎ እንደሚጣል ሥጋ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው፤ እርሱ የሹማምንት ምክንያት ነው። ገና የተቈረጠ ግንድ ከክብደቱ ሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ነው። ውሃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ ሳንቃው በጥላ ሥር፥ በየንብርብሩ መካከል ቀጫጭን እንጨት እየገባ፥ ከላይ ከባድ ነገር ተጭኖበት መቆየት አለበት፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሳንቃ በአየር ብቻ ሲደርቅ እንደ አየሩና እንደ እንጨቱ ዓይነት ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። የመሥሪያ ቤት በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። እንግዲህ በግንቦት የወደቀ ግንድ በሰኔ መጨረሻ ገና ርጥብ ስለ ሆነ በማንም መዝገብ ላይ «ንብረት» ተብሎ ሊጻፍ አይችልም፤ ፍልጥ ግን በሳምንት ውስጥ ገንዘብ ይሆናል፥ ደረሰኝ ይኖረዋል፥ ሒሳቡ ይዘጋል። ሰማንያ ዓመት ያደገ ዛፍ ስምንት ወር መታገሥ ያቃተው የሒሳብ መዝገብ እንዲያቃጥለው መፍቀድ ብልኅነት ነው የሚል ካለ ይጻፍልን፤ ይህ ዐምድ ክፍት ነው።

ከምክንያቶቹ ይልቅ የሚያሳዝነው በጎ ፈቃድ ያለው ሰው ደግሞ ባለማወቅ ሥራውን ሲያበላሽ ማየት ነው። አንድ ወዳጃችን ከወላጆቹ ግቢ የወደቀውን ዝግባ ሊያስሰነጥቀው ወስኖ፥ ግንዱን በፀሓይና በዝናብ ስድስት ወር አስተኛው። ሲያስሰነጥቀው ነጭ መሆን የሚገባው እንጨት በሻጋታ ሰማያዊ ሆኖ፥ ጫፍና ጫፉ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። «ያላችሁት ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ተቈጣን። ውሸት አልነበረም፤ የዝግባ ግንድ መዘግየትን አይወድም፤ በወደቀ በጥቂት ሳምንት ውስጥ መሰንጠቅ አለበት። ለማንኛውም ግንድ ቢሆን ገና ሲቈረጥ ሁለቱ ጫፎች በቀለም ወይም በሰም ካልተደፈኑ ውሃው በዚያ እየሮጠ ይወጣና ግንዱን ይሰነጥቀዋል። እንጨት ሲደርቅ በቀለበቱ ዙሪያ የሚጨማተረው ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ከሚጨማተረው እጥፍ ያህል ስለ ሆነ እምብርቱን የያዘ ሳንቃ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ዐዋቂ ሰንጣቂ እምብርቱን ለይቶ ያወጣዋል። በሞተር መጋዝ የሚሰነጥቅ ሰው ደግሞ የመጋዙ መንገድ እስከ 1 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፥ አምስት ሳንቃ ባወጣ ቍጥር ሁለት ሳንቃ የሚሆነውን ሰጋቱራ ማድረጉን ይወቅ፤ ምላጩ እንደ ጥብጣብ ቀጭን በሆነው መጋዝ ግን የሚጠፋው ከዐሥራ ሁለት ሳንቃ አንዱ ያህል ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ትምህርት የሚታወቅ ነገር ነው። በየትምህርት ቤቱ ስለ ዛፍ የሚሰጠው ትምህርት በችግኙ ላይ የሚቆመው ለምንድር ነው?

እስካሁን የመለስነው ለቀላሎቹ ነው። ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ የሚያነሡት ዛፍ ወዳዶች ናቸው፤ እኛም በቀልድ አንመልስላቸውም። እንዲህ ይላሉ፦ «የግቢ ዛፍ ሳንቃ እንደሚሆንና ዋጋ እንዳለው ለሕዝቡ ካስተማራችሁ፥ ዛሬ ስለማያውቀው ብቻ የተወውን ዛፍ ነገ ያስወድቀዋል። አለማወቁ ጠባቂው ነው።» ይህ አነጋገር ኀይል አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቍጥር 94 ኮሶን፥ ዋንዛን፥ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቈረጡ የከለከለው፥ እነዚህ አራቱ ለጣውላ ተወዳጅ በመሆናቸው የተጨረሱ ስለ ነበሩ ነው። አዋጁ ኋላ በሌሎች አዋጆች ቢተካም የነበረው ስጋት ዛሬም አለ። ዋጋ ዛፍን እንደሚገድል ታሪክ ይመሰክራል።

ነገር ግን በደን ውስጥ ያለ ዛፍና በግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ አንድ አይደሉም። የደኑን ዛፍ የሚቈርጠው ሰው ጥላውን አላረፈበትም፤ በአጥር ውስጥ ያለውን ግን የተከለው ወይም የወረሰው ሰው በየቀኑ ያየዋል፤ ጎረቤትም ያየዋል፤ ቀበሌም ያየዋል። ደግሞስ የግቢው ዛፍ በዛሬው አለማወቃችን ተጠብቋልን? ባየነው ሁሉ ርካሽ ነው የተባለ ዛፍ በርካሽ ምክንያት ይወድቃል፤ ቅጠሉ ጣራውን አቈሸሸ ተብሎ፥ ሥሩ አጥሩን ገፋ ተብሎ፥ ለመኪና ማቆሚያ ቦታ ጠበበ ተብሎ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» እንደ ተባለ፥ ዋጋውን ስላላወቅን እንገድለዋለን እንጂ አንጠብቀውም። በግቢው የቆመው ግንድ የአንድ ቤት በርና መስኮት፥ የልጁ የሰርግ ሣጥን፥ የጠረጴዛው ገበታ መሆኑን የሚያውቅ ባለቤት ምስማር አይመታበትም፤ ከሥሩ ፍም አይደፋበትም፤ ገና በቀጭንነቱ ከታች ያሉትን ቅርንጫፎች እየመለመለ ግንዱን ቀጥ አድርጎ ያሳድገዋል። ይህም ሆኖ ለዛፍ ወዳዶቹ አንድ ነገር እንለቃለን፤ ስለ መቍረጥ የሚወስነው ሰውና ከሳንቃው የሚጠቀመው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ኮሚቴው ዛፉ ይውደቅ ወይስ ይቁም ብሎ ሲወስን ስለ ሳንቃው አይነገረው። ስለ ግንዱ መነጋገር የሚጀመረው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ብቻ ይሁን።

ድኻው ምን ያንድድ? የሚለውም ጥያቄ ይቀርብልናል፤ ብዙ ጊዜ የሚያቀርቡት ግን በኤሌክትሪክ የሚያበስሉ ናቸው። የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ፥ ጫፍ፥ ጉቶ፥ ከመጋዝ የተረፈው ልጥና ቍርጥራጭ ሁሉ ለምድጃ ይቀራል፤ ከዛፉ የሚበልጠውም ክፍል ይህ ነው። ለእንጀራ ምጣድም ከወፍራም ግንድ ፍልጥ ይልቅ ቀጫጭኑ ጭራሮ እንደሚሻል እናቶቻችን ይነግሩናል። ግንዱ በአፈር ተዳፍኖ ከሰል ይሁን ቢባል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከእንጨቱ ክብደት አምስተኛውን እንኳ የማይሞላ ከሰል ነው የሚወጣው፤ የቀረው ጢስ ሆኖ ይሄዳል። በዚህ ድኻው አልተጠቀመም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የመንግሥት ግቢ ዛፍ ሲወድቅ በሽያጩ ማስታወቂያ ላይ «ግንድ» እና «ማገዶ» ተብሎ ለየብቻው ይጻፍ። ዛፉ ከመውደቁ በፊት አንድ አናጢ ይጠራና ግንዱን ይየው፤ ከየት ላይ ቢቈረጥ ረጅም ሳንቃ እንደሚወጣው እርሱ ያውቃልና፥ የማገዶ ሠራተኛ አንድ ሜትር አንድ ሜትር አድርጎ ከቈራረጠው በኋላ የሚጠራ አናጢ ሐዘንተኛ እንጂ ሙያተኛ አይሆንም። የሙያ ትምህርት ቤቶችም ለተማሪዎቻቸው መለማመጃ ጣውላ በገንዘብ ከመግዛታቸው አስቀድመው በከተማቸው የሚወድቀውን ግንድ ቢጠይቁ፥ ልጆቹ ከግንዱ እስከ ወንበሩ ያለውን ሥራ ሁሉ በዐይናቸው ያዩት ነበር። ለማድረቂያ የሚያስፈልገው ዝናብ የማያስገባ አንድ መጠለያ ነው፤ እንዲህ ያለ መጠለያ የሌለው፥ በውስጡም የተሰባበረ ወንበር ያልከመረ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ አላየንም።

ይህን ስንጽፍ ከመካከላችን አንዱ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ አንድ ግራቪሊያ ለመቈረጥ ተራ ይጠብቃል። ሥሩ ስለ ተበላና ወደ ሕንፃው ስላዘመመ ፍርዱ ትክክል ነው። ግራቪሊያ በአገራችን በአጥር ዳርና በቡና ጥላነት ተተክሎ የሚናቅ ዛፍ ነው፤ ዳሩ ግን ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሰነጠቅ እንጨቱ እንደ ጥልፍ የሚያብረቀርቅ መልክ ስለሚያወጣ በሌላ አገር ለቤት ዕቃ ተፈልጎ ይገዛል። ማስታወቂያው ከሳምንት በፊት በሰሌዳው ላይ ወጥቷል፤ «የማገዶ እንጨት ሽያጭ» ይላል። ግንዱ ተለይቶ እንዲቀር፥ የመሰንጠቂያውንም ዋጋ እኛው አዋጥተን እንደምንከፍል፥ ሳንቃውም ለመሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ እንዲሆን ገልጸን ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ አስገብተናል። በመዝገብ ቤት በኩል የገባበት ቍጥር ተሰጥቶናል። ጨረታው የሚከፈተው በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ በ4 ሰዓት ነው፤ መልስ ግን ገና አልመጣልንም።